ማኅተምና ቲተር ከነሌብሉ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማኅተም የሚያሠሩም፣ ራሳቸው መሥራት የጀመሩም ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። የትኛው ማሽን ይሻላል? ትንንሹ ፊደል ለምን ይደፈናል? አናቱ ላይ የምትለጠፈው ወረቀት ለምን በወሩ ትጠፋለች? መልሶቹን እዚህ አሰባስቤያቸዋለሁ። እኔ ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ማኅተሙና ሌብሉ ከአንድ ፋይል ይውጡ። ምክንያቱን እያነበባችሁ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ።

ሌብል ሲባል የቱ ነው?

እጀታው አናት ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት ወይም ስቲከር ናት። ማኅተሙ ሲመታ ምን እንደሚወጣ ሳይመታ ታሳያለች። የእንጨት እጀታ ላይ በቀጥታ ትለጠፋለች። እንደ ትሮዳት፣ ኮሎፕና ሻይኒ ያሉ፣ የቀለም ፓዳቸው ውስጣቸው የሆነ አውቶማቲክ ማኅተሞች ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግልጽ የፕላስቲክ ክዳን አለ፤ ሌብሏ ከሥሩ ትገባለች።

ሌብል ባይኖረውስ ምን ይጎድላል?

ማኅተሙ ያው ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሦስት ጥቁር ቲተሮች (ትንንሽ የጽሑፍ ማኅተሞች) ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ «ተከፍሏል» ይላል፤ አንዱ «ተሰርዟል»፤ ሌላው «ግልባጭ»። ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ወረፋው ረዝሟል፣ ሠራተኛዋ ቸኩላለች፣ እጇ የገባላትን ታነሣለች። የተከፈለበት ሰነድ ላይ «ተሰርዟል» ከተመታ በኋላ ቀለሙን የሚያነሣው የለም። ሰነዱ እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት። ይህ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ጥፋቱ የሠራተኛዋ አይመስለኝም። ማኅተሙን ያለ ሌብል የሰጣት ሰው ነው ያጠፋው።

ክብ ማኅተም ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አላት። እጀታው ዙሪያውን አንድ ዓይነት ስለሆነ የቱ ጎን ወደ ላይ እንደሆነ ከውጭ አይታወቅም። ሌብል ካለው ግን ዘቅዝቆ የሚመታ ሰው አይኖርም።

ጽሑፉ ጎማው ላይ የሚወጣው እንዴት ነው?

አራት ዋና መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያውና አሮጌው ጎማን በሙቀትና በግፊት ማብሰል ነው። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ጎማ ከድኝ ጋር ሲሞቅ ጠንክሮና ተለጥጦ የሚመለስ ሆኖ እንደሚቀር ደረሰበት፤ በ1844 የፈጠራ መብት አገኘበት። የጎማ ማኅተም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ መንገድ መጀመሪያ ፊደሉ በብረት ይለቀማል። ከዚያ ሙቀት የሚያጠነክረው ልዩ ካርቶን ላይ ተጭኖ ቅርጹ ወደ ውስጥ ይቀራል። ጥሬ ጎማ ይነጠፍበትና 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ለደቂቃዎች በፕሬስ ይያዛል። የሚወጣው ማኅተም ዕድሜው ረጅም ነው። ለአንድ ቲተር ሲባል ይህን ሁሉ መድከም ግን ዛሬ አያዋጣም።

ሁለተኛው ፎቶ ፖሊመር ነው። እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ሬዚን አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ይጠነክራል። ኔጌቲቭ ፊልም ይዘጋጃል፤ ፊደሉ ግልጽ፣ ቀሪው ጥቁር። ብርሃኑ በፊደሉ በኩል ብቻ ያልፋል፣ እዚያ ያለው ሬዚን ብቻ ይጠነክራል። በጀርባው በኩልም ለአጭር ጊዜ ብርሃን ይሰጠዋል። ፊደሎቹ የሚቆሙበትን ወለል የሚፈጥረው ይህ የጀርባ ብርሃን ነው። ሳይጠነክር የቀረው ለብ ባለ ውኃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ ይወጣል።

ሦስተኛው ሌዘር ነው። ለዚህ ሥራ የተለመደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲሆን የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮሜትር ነው። ጎማ ይህን ብርሃን በደንብ ስለሚውጥ የማይፈለገው ክፍል ጭስና ዱቄት ሆኖ ይነሣል፤ ፊደሉ ቆሞ ይቀራል። ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃል። ጥሩ የማኅተም ሶፍትዌር ፊደሉን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርጎ አይቆርጠውም። እንደ ተራራ ሥሩን ሰፋ፣ ጫፉን ጠበብ ያደርገዋል። ቀጭን ፊደል ሲጫኑት እንዳይተኛ የሚይዘው ያ ሰፊ ሥር ነው።

አራተኛው ፍላሽ ነው፤ እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝም እሱ ነው። እዚህ ከፍ ብሎ የቆመ ፊደል የለም። ያለው በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ስፖንጅ መሳይ ፎም ነው። ጽሑፉ በጥቁር ቶነር (የሌዘር ፕሪንተር የዱቄት ቀለም) ግልጽ ፊልም ወይም ትሬሲንግ ፔፐር ላይ ይታተማል። ፎሙ ላይ ይደረግና የዜኖን መብራት በቅጽበት ይበራበታል። ብርሃኑ ያገኘው የፎሙ ገጽ በሙቀቱ ቀልጦ ቀዳዳው ይዘጋል። በጥቁሩ ፊደል የተከለለው ቦታ ግን ክፍት ይቀራል። ቀለም ከጀርባ ሲጨመር በዚያ በክፍቱ በኩል ብቻ ይወጣል፤ ለብቻው ፓድ አያስፈልገውም። እንደ ብራዘር ስታምፕክሪኤተር ያሉ ማሽኖች ማተሙንና ፍላሹን በአንድ ሳጥን ውስጥ ያደርጉታል። ሌብሉንም ከዚያው ዲዛይን ያወጣሉ።

ታዲያ የቱ ይሻለኛል?

በየቀኑ ብዙ ማኅተም የሚወጣበት ቤት ከሆነ ሌዘር። ጎማው ጠንካራ ነው፣ ሥራው ፈጣን ነው፣ ኬሚካል አይነካካም። በትንሽ ገንዘብ ለሚጀምር ፎቶ ፖሊመር ይሻለዋል። ትንሽ ፊደልም በደንብ ያወጣል፤ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ፍላሽ ለሎጎ፣ ለፊርማና ወፈር ላለ ጥቁር ቦታ አቻ የለውም። ቶሎ መድረቅ ያለበት ወይም ወረቀት ያልሆነ ነገር ላይ የሚመታ ማኅተም ከሆነ ግን ፍላሽን አልመርጥም። የፍላሽ ቀለም በብዛት በዘይት የተሠራ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ለመድረቅ ይዘገያል።

ፎቶ ፖሊመሬ ታጥቦም ይጣበቃል፤ ምን ልሁን?

አየር ነው ምክንያቱ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን የሬዚኑ ላይኛው ገጽ እንዳይጠነክር ይከለክለዋል። ከታጠበ በኋላ ውኃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አጥልቃችሁ ደግማችሁ አልትራቫዮሌት ስጡት። ውኃው አየሩን ይከለክልለታል። ሲወጣ ደረቅና ንጹሕ ይሆናል።

ያልጠነከረ ሬዚን በባዶ እጅ አትንኩ። ቆዳ ላይ አለርጂ ያመጣል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ጓንት ይኑራችሁ። የተረፈውን መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አትድፉት፤ ብርሃን ላይ አጠንክራችሁ እንደ ደረቅ ቆሻሻ አስወግዱት።

ፍላሹ አንዳንዴ ዙሪያውን ሁሉ ያቀልማል፣ አንዳንዴ ፊደል ይበላል፤ ለምን?

ሁለቱ ተቃራኒ ችግሮች ናቸው። ዙሪያውን ካቀለመ ብርሃኑ አንሶታል፤ መዘጋት የነበረበት ቀዳዳ አልተዘጋም። ቀጫጭን ሰረዞች ከጠፉ ደግሞ ወይ ብርሃኑ በዝቷል ወይ ቶነሩ ስስ ነው። ቶነሩን ለማየት ፊልሙን ወደ መብራት አንሡት። ጥቁሩ ውስጥ ነጠብጣብ ብርሃን ካያችሁ ፎሙም ያያል። ሁለት ቅጂ አትማችሁ አንዱን በሌላው ላይ ልክ በልክ ደርቡት። ጠርዙ ከደበዘዘ ግን ፊልሙና ፎሙ መካከል አየር ገብቷል፤ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩት። በሁለቱ መካከል ስስ ግልጽ ፕላስቲክ ማስገባትም ልመዱ፤ አለዚያ የሞቀው ቶነር ፎሙ ላይ ይጣበቃል።

ቀለም ከጨመራችሁ በኋላ አትቸኩሉ። ቀለሙ ሰርጎ እስኪወጣ ሰዓታት ይወስዳል። ቢያድር ደግሞ ይመረጣል።

ጽሑፉ ተገልብጦ ወጣ። የት ላይ ተሳሳትኩ?

ማኅተም ላይ ያለው ጽሑፍ የመስታወት ምስል መሆን አለበት፤ ወረቀት ላይ ሲመታ ነው ቀጥ የሚለው። ፋይሉ ላይ መገልበጥ አለመገልበጡ ግን እንደ መንገዱ ይለያያል። ለሌዘር ጽሑፉ ይገለበጣል። ሌዘር ጥቁሩን ስለሚቆፍር ጥቁርና ነጩም ቦታ ይለዋወጣሉ። ለፍላሽ የታተመው ፊት ወደ ፎሙ ከዞረ ጽሑፉ ሳይገለበጥ ቀጥ ብሎ ይታተማል፤ ወደ መብራቱ ከዞረ ተገልብጦ።

የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ያታልላል። ሀ፣ ሐ፣ ሠ፣ ሰ፣ በ፣ ዐ እና ጠ ግራና ቀኛቸው ተመሳሳይ ነው ለማለት ይቻላል። ብትገለብጧቸውም ያው ይመስላሉ። ስለዚህ ዓይናችሁን እነሱ ላይ አታሳርፉ። ነ፣ ገ፣ ፈ ወይም ረ ፈልጉ። ነ እግሩን ወዴት እንደዘረጋ ካያችሁ ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልጋችሁም። ከቁጥሮችም 0 እና 8 ምንም አይናገሩም፤ 2ን ወይም 7ን እዩ።

ሌብሉ ግን በምንም መንገድ አይገለበጥም። ሰው ሲያየው የሚነበብ መሆን አለበት። ለዚህ ነው ዋናው ፋይል ሁሌ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ የምለው። ወደ ማኅተም ማሽኑ ሲላክ ብቻ ይገልበጥ። የተገለበጠውን ዋና አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ቀን የተገለበጠ ሌብል ያትማል።

ፊደሉ ምን ያህል ቢያንስ ይነበባል?

የላቲን ፊደል 6 ፖይንት ላይ ይነበባል ብለው ብዙዎች የእኛንም እዚያው ያወርዱታል። እኔ ከ8 ፖይንት በታች አልወርድም። 8 ፖይንት ከላይ እስከ ታች 2.8 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሰረዙ ውፍረት ደግሞ ከ0.25 ሚሊሜትር ባያንስ ጥሩ ነው።

ምክንያቱን በአንድ ፊደል ላሳያችሁ። «ቤ» ን እዩት። ከ«ቢ» የሚለየው እግሩ ላይ ያለችው ቀለበት ናት። በ6 ፖይንት ያቺ ቀለበት የመርፌ ዓይን ታክላለች። ቀለም ሲገባባት ትደፈናለች፣ ከዚያ ከ«ቢ» ጭረት አትለይም። «ጽሕፈት ቤት» ብሎ ያሠራው ሰው «ጽሕፈት ቢት» ይዞ ይሄዳል። ሜ፣ ሴ፣ ቴም ያው ናቸው። ኃምስ ፊደሎች ሁሉ በአጉሊ መነጽር መታየት ይገባቸዋል።

ጽሑፉ ብዙ ከሆነ ፊደሉን ከማሳነስ ጽሑፉን መቀነስ ይሻላል። 38 በ14 ሚሊሜትር የሆነ ቲተር ላይ ስም፣ የሥራ መደብ፣ ሦስት ስልክ ቁጥርና ኢሜይል አድርግልኝ የሚል ሰው ብዙ ነው። አንዱን ስልክ እንዲተው ለመኑት። ወይም 47 በ18 የሆነውን አሳዩት።

ኮምፒውተሬ ላይ ያማረው ጽሑፍ ሌላው ጋ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ሆነ።

ፎንቱ እዚያ ስለሌለ ነው። አንዳንዴ ከሳጥንም የከፋ ነገር አለ፤ ሌላ ፎንት ይተካውና የመስመሩ ርዝመት ይቀየራል፣ ማንም ሳያስተውል። ፋይሉን ከመላካችሁ በፊት ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሩት። ዲዛይነሮች «ከርቭ አድርገው» የሚሉት ነው። መቀየር ከተፈለገ እንዲቻል ያልተቀየረውን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀምጡ። ምስል አድርጋችሁ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ግራጫ የሌለው ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሁን። ማኅተም ግራጫ አያውቅም።

ሌብሉን በምን ላትም?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማኅተሙ ላይ ተጨንቆ ሌብሉን ባገኘው ነገር ያትማል።

በሙቀት ብቻ የሚያትመው፣ ቀለምም ሪባንም (የቀለም ጥብጣብ) የማይፈልገው ፕሪንተር ፈጣን ነው። ወረቀቱ ግን የመደብር ደረሰኝ ዓይነት ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል። አልኮል ሲነካው ይጠቁራል ወይም ይጠፋል። ማኅተም የሚይዝ እጅ ደግሞ ሳኒታይዘር የማይለየው እጅ ነው። ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ኢንክጄት ቀለሙ ያምራል፤ ውኃ ሲነካው ግን ብዙው ይፈሳል። ክዳን ሥር ለምትገባ ሌብል ይሆናል። በቀጥታ ለምትለጠፍ ግን ላዩን በግልጽ ፕላስቲክ ካልሸፈናችሁት አይቆይም። ሌዘር ፕሪንተር ይሻላል፤ ቶነር ውኃ አይፈራም። ከሁሉም የሚበረታው ሪባን አሙቆ ቀለሙን ወደ ፕላስቲክ ስቲከር የሚያሻግረው ነው። ሪባኑ የሬዚን ዓይነት፣ ስቲከሩ ፖሊስተር ከሆነ ማፋቅም አልኮልም ይችላል። ጽሑፉ በሁለት ፕላስቲክ መካከል የሚቀመጥበት የሌብል ቴፕም ጎበዝ ነው።

የትኛው እንደሚሻል ካመነታችሁ ፈትኑ። አንዷን ሌብል ትርፍ እጀታ ላይ ለጥፉ። በጥጥ አልኮል ነክራችሁ 20 ጊዜ አሹት። ጽሑፉ ካለ እመኑት።

ሌብሉ ጠርዙ ይነሣብኛል።

እጀታው ላይ ቅባት ወይም አቧራ አለ ማለት ነው። በአልኮል ጥረጉት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጥፉ። ከመሀል ወደ ዳር እየተጫናችሁ ሂዱ። የሌብሉን አራት ማዕዘኖች ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ሹል ማዕዘን ጨርቅና ጣት ይይዘዋል፣ ከዚያ ይጀምርና ይላጣል። ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ውሎ አድሮ ነው። የለጠፋችሁ ዕለት በጥፍር አትሞክሩት።

ሌብሉ ላይ የማኅተሙን ሙሉ ምስል ላድርግ ወይስ ስሙን ብቻ?

እንደ ማኅተሙ ነው። «ተከፍሏል»፣ «ደርሷል»፣ የቀን ቲተርና የአድራሻ ማኅተም ከሆነ ሙሉ ምስሉን በማኅተሙ ቀለም አድርጉት። ቀዩን በቀይ፣ ሰማያዊውን በሰማያዊ። ዓይን ከፊደል በፊት ቀለም ይለያል።

የድርጅት ክብ ማኅተምና የፊርማ ማኅተም ከሆነ ግን ሙሉ ምስሉን አናቱ ላይ አላደርግም። ጥርት ብሎ የታተመ ሌብል ማለት ለአስመሳይ የተዘጋጀ ዋና ቅጂ ማለት ነው። አንድ የስልክ ፎቶ ይበቃዋል። የክፍሉን ስምና ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ብቻ አድርጉለት።

የሌላ ድርጅት ማኅተም ሥራልኝ የሚል ቢመጣስ?

ከድርጅቱ የተጻፈ ደብዳቤና የመጣው ሰው መታወቂያ ሳታዩ አትሥሩ። ወረቀት ላይ የተመታ አሮጌ ማኅተም ፎቶ አንሥቶ «ይህንኑ ድገምልኝ» የሚል ሰው ሲመጣ በተለይ ጠንቀቅ በሉ። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፣ ማኅተሙ አርጅቶበት ነው። ለማረጋገጥ ግን አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። የሙከራ ጎማና የተበላሸ ፊልምም ቆራርጣችሁ ጣሉ።

የትኛውን ቀለም ልጨምር?

ማኅተሙ የሚፈልገውን ብቻ። አውቶማቲክ ቲተር ውስጥ ያለው ፓድ በብዛት የውኃ ቀለም ይወስዳል፤ ፍላሽ የራሱን የዘይት ቀለም። ፓድ ላይ ሁለቱን ከደባለቃችሁ አይዋሃዱም፣ ፓዱ ይበላሻል። ፍላሽ ላይ የውኃ ቀለም ከጨመራችሁ ቀዳዳው ሊደፈን ይችላል። የተፈጥሮ ጎማ ደግሞ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ የዘይት ቀለም ግድ ከሆነ ዘይት የሚቋቋመውን ናይትራይል ጎማ ጠይቁ።

ሌዘሩ ላይ ያገኘሁትን ፕላስቲክ መቅረጽ እችላለሁ?

አይቻልም። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ሌዘር ሲነካው ክሎሪን ያለበት መርዛማ ጋዝ ይለቃል፤ ሳንባ ይጎዳል፣ ማሽኑንም ያዝጋል። ለሌዘር ተብሎ የተሠራ ጎማ ብቻ ተጠቀሙ። እሱም ቢሆን ይጨሳል፣ ይሸታል፣ እሳትም ሊይዘው ይችላል። ጭስ መሳቢያው ሳይበራ አትጀምሩ፤ ማሽኑ እየሠራም ጥላችሁት አትውጡ።

ከዓመት በኋላ «ያንኑ ማኅተም ድገምልኝ» ሲሉኝ ፋይሉን እንዴት ላግኘው?

ሌብሉ ላይ ጥግ ላይ ትንሽ ቁጥር አትሙ፤ ፋይሉንም በዚያው ቁጥር አስቀምጡት። ደንበኛው የተበላውን ጎማ ይዞ ሲመጣ ፊደሉን መገመት አይኖርባችሁም። ቁጥሯን አንብባችሁ ፋይሉን ትከፍታላችሁ። አዲሱን ጎማ ከሠራችሁ በኋላ ነጭ ወረቀት ላይ አንዴ ምቱ። የተመታውን ከሌብሉ ጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ስልክ ቁጥር ወይም የሥራ መደብ ተቀይሮ ከሆነ አሮጌውን ሌብል ላጡትና ከአዲሱ ፋይል አዲስ አትሙ፤ ቁጥሩም አዲስ ይሁን።